ለኅትመት ሥራ የሚውል ኮምፒውተር ሲሻሻል፦ የዕቃ አመራረጥ ቅደም ተከተል

የገጽ ቅንብር የሚሠራበት ኮምፒውተር ፍጥነት በዋናነት የሚወሰነው በአራት ክፍሎች ነው፦ በማከማቻው፣ በራሙ፣ በፕሮሰሰሩና በግራፊክስ ካርዱ። የሥራው ጥራት ደግሞ በሞኒተሩ፣ ደኅንነቱም በኃይል መጠበቂያውና በመጠባበቂያ ቅጂው ላይ ያርፋል። ማሽኑ ሲዘገይ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚይዘው ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው። ያ ክፍል ተለይቶ ከተለወጠ የቀረው ማሽን ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ ሳይለይ የተገዛ ውድ ዕቃ ግን ገንዘቡን በልቶ መዘግየቱን እንዳለ ይተወዋል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በኢንዲዛይን፣ በፎቶሾፕ፣ በኢለስትሬተርና በመሳሰሉት ፕሮግራሞች ለሚሠሩ ማተሚያ ቤቶች፣ አሳታሚዎችና የዲዛይን ቢሮዎች የተዘጋጁ ናቸው።

1. የሥራውን ዓይነት መለየት

የኅትመት ሥራ ሁሉ ኮምፒውተርን እኩል አይጫነውም። ፎቶ የሌለበት የ300 ገጽ ልቦለድ በኢንዲዛይን ሲቀናበር ፋይሉ ጥቂት ሜጋ ባይት ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሥራ መጠነኛ ማሽን ያለ ችግር ይሸከመዋል። ፎቶ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ለኦፍሴት ኅትመት የሚዘጋጅ፣ አንድ ኤ4 ገጽ የሚሞላ ፎቶ በኢንች 300 ፒክሰል ሲሠራ 2480 በ3508 ፒክሰል ይሆናል። በአራቱ የኅትመት ቀለማት ማለትም በሲያን፣ በማጄንታ፣ በቢጫና በጥቁር ሲከፋፈል እያንዳንዱ ፒክሰል 4 ባይት ስለሚይዝ ፎቶው በራም ውስጥ 35 ሜጋ ባይት ገደማ ይወስዳል። ፎቶሾፕ ላይ አሥር ሙሉ ሌየር ሲደራረብ 350 ሜጋ ባይት ይደርሳል፤ ወደ ኋላ ለመመለስ የሚቀመጠው የሥራ ታሪክም በዚያ ላይ ይጨመራል።

ባነር ከዚህ ይከብዳል። 3 በ2 ሜትር የሆነ ፍሌክስ ባነር በኢንች 100 ፒክሰል ሲሠራ አንዱ ሌየር ብቻ 370 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ያው ባነር በኢንች 300 ፒክሰል ከተከፈተ ዘጠኝ እጥፍ አድጎ ወደ 3.3 ጊጋ ባይት ይደርሳል። ከሩቅ ለሚታይ ባነር 100 ፒክሰል ስለሚበቃ፣ የፋይሉን የጥራት መጠን በልኩ ማድረግ ምንም ወጪ የማይጠይቅ የመጀመሪያው ማሻሻያ ነው።

ስለዚህ ከማንኛውም ግዢ በፊት በአንድ ወር ውስጥ የሚሠሩት ሥራዎች በዝርዝር ይጻፋሉ፤ ከእያንዳንዱ ጎንም ትልቁ የፋይል መጠንና በአንድ ጊዜ የሚከፈቱት ፕሮግራሞች ይመዘገባሉ። ማሽኑ የሚመረጠው በዝርዝሩ ውስጥ ተደጋግሞ ለሚመጣው ከባድ ሥራ እንጂ በዓመት አንዴ ለሚያጋጥመው አይደለም።

2. መዘግየቱን መለካት

በዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ገጽ እንደተከፈተ ይቆይና ከባዱ ሥራ እንደተለመደው ይሠራል፤ ፋይል ይከፈታል፣ ይቀመጣል፣ ወደ ፒዲኤፍ ይወጣል። በዚያ ጊዜ የሚታየው ቁጥር የሚከተሉትን ይነግራል።

ሀ. ራሙ ከ85 በመቶ በላይ ሞልቶ ዲስኩም ያለማቋረጥ የሚሠራ ከሆነ የጎደለው ራም ነው። ማሽኑ ራም ሲያንሰው የተረፈውን ሥራ ወደ ዲስክ እየገለበጠ ይሠራል።

ለ. ራሙ ቦታ እያለው ፋይል ሲከፈትና ሲቀመጥ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆመ ችግሩ የዲስኩ ፍጥነት ነው።

ሐ. ፒዲኤፍ ሲወጣ ወይም የፎቶሾፕ ፊልተር ሲሠራ ፕሮሰሰሩ ለረጅም ጊዜ 100 በመቶ ከሆነ የሚያዘገየው እሱ ነው። ባለ 4 ኮር ፕሮሰሰር 25 በመቶ ላይ ቆሞ ሥራው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን አንዱ ኮር ብቻውን ተጨናንቋል ማለት ነው፤ ይህ የሚቃለለው የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነት ሲጨምር እንጂ የኮር ብዛት ሲጨምር አይደለም።

መ. ሁሉም ረግቶ ሳለ ገጹ ሲጎተት ወይም ሲጎላ ብቻ ከተንቀረፈፈ ግራፊክስ ካርዱ ወይም የፕሮግራሙ የእይታ ቅንብር ይፈተሻል። ኢንዲዛይን ፎቶዎችን በሙሉ ጥራት እንዲያሳይ ተደርጎ ከሆነ ወደ ተለመደው እይታ መመለስ ብቻውን ሥራውን ሊያቀለው ይችላል።

ዕቃ ሳይገዛ የሚፈቱ ሁለት ችግሮች ደግሞ በየቢሮው ይደጋገማሉ። አንደኛው ፎቶዎቹ ፍላሽ ላይ እንዳሉ ከኢንዲዛይን ፋይል ጋር መያያዛቸው ነው፤ ወደ ማሽኑ ዲስክ ተገልብጠው እንደገና ሲያያዙ ፋይሉ ይፈጥናል። ሁለተኛው አቧራ ነው። የፕሮሰሰሩ ፋን በአቧራ ሲታፈን ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ይህንንም የሚያደርገው ፍጥነቱን በመቀነስ ነው። ፋኑን ማጽዳትና የደረቀውን የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ቅባት ማደስ ከማንኛውም ግዢ ይቀድማል።

3. ማሽኑ የሚቀበለውን ማጣራት

ሲፒዩ-ዜድ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የማዘርቦርዱን ሞዴል፣ የፕሮሰሰሩን ስም፣ የራሙን ዓይነትና ስንት የራም ቦታ እንደተያዘ ያሳያል። በዚህ ሞዴል ስም የአምራቹ ሰነድ ተፈልጎ አራት ነገሮች ይጣራሉ።

የመጀመሪያው የራሙ ትውልድ ነው። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ የጥርሳቸው ክፍተት የተለያየ ቦታ ላይ ነው። ሁለተኛው የዲስክ ማስገቢያው ነው፤ ማዘርቦርዱ ኤም.2 የሚባለው ቀጭን ማስገቢያ ያለው መሆኑና ማስገቢያውም ኤንቪኤምኢ የሚቀበል መሆኑ ይታያል። ሦስተኛው ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ነው። የስም መመሳሰል ያሳስታል፤ የኢንቴል 6ኛና 7ኛ ትውልድ እንዲሁም 8ኛና 9ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ሁለቱም ኤልጂኤ 1151 በሚባል ሶኬት ላይ ቢቀመጡም ለአንደኛው የተሠራ ማዘርቦርድ ሌላኛውን አይቀበልም። አራተኛው ሳጥኑና ፓወር ሰፕላዩ ነው። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ያሉ የቢሮ ማሽኖች በትንሹ ሳጥን ሲመጡ የሚቀበሉት አጭር ቁመት ያለው ካርድ ብቻ ነው፤ ፓወር ሰፕላያቸውም ከገበያው መደበኛ ዓይነት ስለሚለይ በቀላሉ አይተካም።

4. ማከማቻ፦ የመጀመሪያው ግዢ

ማሽኑ አሁንም የሚሠራው በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ከሁሉም ቀድሞ የሚለወጠው እሱ ነው። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋ ባይት ያነባል። በሳታ ገመድ የሚገጠም ኤስኤስዲ 550 ሜጋ ባይት ገደማ፣ በኤም.2 የሚገጠም የሦስተኛው ትውልድ ኤንቪኤምኢ ደግሞ እስከ 3500 ሜጋ ባይት ይደርሳል። የ2 ጊጋ ባይት ባነር ከሃርድ ዲስክ ሲነበብ 15 ሰከንድ ያህል ሲፈጅ ከሳታ ኤስኤስዲ 4 ሰከንድ ያህል ብቻ ይወስዳል።

ትልቁ ልዩነት ግን የሚታየው በትንንሽ ፋይሎች ላይ ነው። የመጽሔት ፋይል ሲከፈት ፕሮግራሙ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፎንቶችን፣ የተያያዙ ፎቶዎችንና ጊዜያዊ ፋይሎችን ይፈልጋል። ሃርድ ዲስክ ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው ለመሄድ መርፌውን ማንቀሳቀስ ስላለበት በሰከንድ ከመቶ ብዙም ያልዘለለ ፍለጋ ብቻ ያከናውናል፤ ኤስኤስዲ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር። ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ኤስኤስዲ የተሻገረ ቢሮ ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ያየዋል፤ ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ የሚደረገው ሽግግር ግን በጣም ትልልቅ ፋይል በማይከፍት ቢሮ ብዙም አይታወቅም።

መጠኑን በተመለከተ ለዊንዶውስ፣ ለፕሮግራሞችና በሂደት ላይ ላለ ሥራ 500 ጊጋ ባይት ለአብዛኛው ቢሮ ይበቃል፤ ያለቀው ሥራ ወደ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ይዛወራል። ፎቶሾፕ ራም ሲሞላበት የሚጠቀምበት ስክራች ዲስክ ኤስኤስዲው ላይ እንዲሆን ይደረጋል። ኤስኤስዲ ሲሞላ ስለሚዘገይ ከ15 እስከ 20 በመቶው ሁልጊዜ ባዶ መሆን አለበት።

ኤስኤስዲ በመጻፍ ብዛት ያልቃል የሚለው ስጋት ለዚህ ሥራ አያሰጋም። ለምሳሌ ሳምሰንግ 870 ኢቮ በ500 ጊጋ ባይት መጠኑ 300 ቴራ ባይት እስኪጻፍበት ዋስትና አለው፤ በየቀኑ 40 ጊጋ ባይት ቢጻፍበት ይህ መጠን ከ20 ዓመት በላይ ይወስዳል። ይልቅ የሚያሰጋው ሐሰተኛ ዕቃ ነው። ከልኩ በታች በሆነ ዋጋ የሚቀርብ ኤስኤስዲ በውስጡ ከተጻፈው ያነሰ መጠን ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ሥራ ሳይጫንበት በፋይል ሙሉ በሙሉ ሞልቶ፣ ፋይሎቹን መልሶ በመክፈት መፈተን ያስፈልጋል።

5. ራም

ኢንዲዛይንም ፎቶሾፕም ዝቅተኛ ብለው የሚጠይቁት 8 ጊጋ ባይት፣ የሚመክሩት ደግሞ 16 ጊጋ ባይት ነው። በተግባር ሲታይ ለጽሑፍ መጽሐፍ 8፣ ኢንዲዛይን፣ ፎቶሾፕና ድረ ገጽ አንድ ላይ ለሚከፈቱበት የመጽሔትና የብሮሹር ሥራ 16፣ ለትልልቅ ባነርና ብዙ ሌየር ላለው የፎቶ ሥራ 32 ጊጋ ባይት ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ መጨመር ዋጋ የሚኖረው ታስክ ማናጀሩ 32ቱም መሙላቱን ሲያሳይ ብቻ ነው፤ ያልሞላ ራም ማሽኑን አያፈጥንም።

በአንድ 16 ፋንታ ሁለት እኩል 8 ጊጋ ባይት ራሞች በተጣመሩት ቦታዎች ሲገጠሙ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ስለሚያነብ ሥራው ይቀላጠፋል። በነባሩ ላይ የሚጨመረው ራም ትውልዱ አንድ፣ መጠኑና ፍጥነቱም ተመሳሳይ ቢሆን ይመረጣል፤ የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ሲቀላቀሉ ሁሉም በዝቅተኛው ፍጥነት ይሠራሉ። ፎቶሾፕ እንደተጫነ ከሚያገኘው ራም 70 በመቶውን ብቻ እንዲወስድ የተደረገ ስለሆነ፣ ራሙ ካደገ በኋላ ይህ ቅንብር በመጠኑ ከፍ ሊል ይችላል። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ግን ከ4 ጊጋ ባይት በላይ ያለውን ራም ስለማይጠቀም አስቀድሞ ወደ 64 ቢት መዛወር አለበት።

6. ሞኒተር

ሞኒተር የፍጥነት ዕቃ ስላልሆነ ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻ ይገፋል። ይሁን እንጂ የቀለም ስሕተት የሚታየው ወይም የሚደበቀው እሱ ላይ ነው፤ የተሳሳተ ቀለም ያለው ሥራ አንዴ ከታተመ ወረቀቱም ቀለሙም አይመለስም። ስለዚህ ለቀለም ሥራ ከራም ቀጥሎ የሚመጣው ሞኒተር ነው።

ምርጫው በሦስት ነጥብ ይመዘናል። የመጀመሪያው የፓነሉ ዓይነት ነው። አይፒኤስ ፓነል ከጎን ሲታይም ቀለሙ አይለዋወጥም፤ ቲኤን የሚባለው ርካሽ ፓነል ግን ራስ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ሌላ ቀለም ያሳያል። ሁለተኛው የቀለም ስፋት ነው። ኤስአርጂቢ የሚባለውን መጠን ሙሉ በሙሉ የሚያሳይ ሞኒተር ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። በኅትመት የሚወጡ አንዳንድ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለማት ከኤስአርጂቢ ውጭ ስለሚወድቁ፣ የጥበብ መጽሐፍና የምርት ካታሎግ የሚሠራ ቢሮ አዶቤ አርጂቢን የሚሸፍን ቢገዛ ይጠቅመዋል። ሦስተኛው ስፋቱ ነው። ሁለት የኤ4 ገጽ ጎን ለጎን ሲከፈት 420 በ297 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ባለ 24 ኢንች ሰፊ ሞኒተር 531 በ299 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ገጾቹ በእውነተኛ መጠናቸው ልክ ልኩን ይሞሉታል፤ ለሜኑ ግን ቦታ አይተርፍም። ባለ 27 ኢንቹ 597 በ336 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ ገጹም ሜኑውም አብረው ይታያሉ፤ ፊደሉ ጠርቶ እንዲነበብም 2560 በ1440 ፒክሰል ያለው ይመረጣል።

ስክሪን ላይ ደምቆ የታየ ሥራ ታትሞ ሲመጣ ጠቆረ የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ የሞኒተሩ ድምቀት መብዛት ነው። ለኅትመት ሥራ ድምቀቱ በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ ባለው ውስጥ ይደረጋል። ይህን በዓይን ግምት መለካት ስለማይቻል የቀለም መለኪያ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ አንዱን መሣሪያ በርካታ ቢሮዎች በጋራ ሊገዙት ይችላሉ። ሞኒተር እያረጀ ቀለሙ ስለሚለዋወጥ ልኬታው በየወሩ ቢደገም ይመረጣል።

7. ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ

ማከማቻውና ራሙ ተስተካክለው ፕሮሰሰሩ አሁንም 100 በመቶ ላይ የሚቆም ከሆነ ብቻ ወደ እሱ ይሄዳል። ኢንዲዛይን አብዛኛውን ሥራ በጥቂት ኮር ስለሚሠራ 4 ወይም 6 ፈጣን ኮር ከብዙ ዘገምተኛ ኮር ይሻላል። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በተጠቀመበት ኤኤም4 ሶኬት የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ባዮሳቸው ሲታደስ እስከ ራይዘን 5000 ያለውን ይቀበላሉ፤ እዚያ ላይ ፕሮሰሰር ብቻ መለወጥ ያዋጣል። በኢንቴል በኩል ትውልድ መዝለል አብዛኛውን ጊዜ ማዘርቦርድና ራምም አብሮ መግዛትን ስለሚያስከትል አዲስ ማሽን ከመግዛት ጋር ይቀራረባል።

ግራፊክስ ካርድ ለገጽ ቅንብር የመጨረሻው ግዢ ነው። ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ግራፊክስ ለመጽሐፍና ለመጽሔት ይበቃል። ለፎቶሾፕ ከባድ ፊልተሮች ወይም ለ4ኬ ሞኒተር ግን የራሱ 4 ጊጋ ባይት ያለው ካርድ ይጠቅማል። ካርዱ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልግ ከሆነ ከማስገቢያው የሚያገኘው ቢበዛ 75 ዋት ስለሆነ ለትናንሽ የቢሮ ማሽኖች የሚስማማው ይኸው ነው። ውድ የጌም ካርድ ለጽሑፍና ለገጽ ሥራ አንዳች አይጨምርም።

8. ኃይልና መጠባበቂያ

መብራት በድንገት በሚጠፋበት አካባቢ ዩፒኤስ ከዕቃዎቹ ሁሉ እኩል አስፈላጊ ነው። ፋይል በሚቀመጥበት ቅጽበት ኃይል ከተቋረጠ ፋይሉ እስከ ወዲያኛው ሊበላሽ ይችላል። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ አንድ ማሽንና አንድ ሞኒተር ይዞ ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። ሲገዛ የሚታየው ቪኤው ብቻ ሳይሆን ዋቱ ነው፤ ዋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቪኤው ያንሳል። ሌዘር ፕሪንተር ሲሞቅ ብዙ ኃይል ስለሚስብ በዩፒኤሱ የባትሪ መስመር ላይ አይሰካም። ባትሪው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ስለሚያገለግል የተገዛበት ቀን ላዩ ላይ ይጻፋል።

ለመጠባበቂያ ደግሞ ሥራው በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱም ከቢሮው ውጭ እንዲቀመጥ ይደረጋል። ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስኮች ተገዝተው በየሳምንቱ እየተፈራረቁ አንዱ ከቢሮ ውጭ ቢያድር ይህ ይሟላል።

9. ማሻሻል ወይስ መለወጥ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና በኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ስለዚህ የ7ኛ ትውልድና ከዚያ በፊት ያሉ ማሽኖች ላይ ገንዘብ ሲወጣ፣ ዕቃው ነገ ወደ ሌላ ማሽን የሚሻገር መሆኑ ይታሰባል።

በአንድ ምሳሌ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ባለ 80 ገጽ መጽሔትና አልፎ አልፎ ባነር የሚሠራ ቢሮ ኦፕቲፕሌክስ 7050 አለው እንበል፤ ኮር አይ5 7ኛ ትውልድ፣ አንድ 8 ጊጋ ባይት ዲዲአር4 ራም፣ 1 ቴራ ባይት ሃርድ ዲስክና ቲኤን ሞኒተር ያለው። ታስክ ማናጀሩ ዲስኩ 100፣ ራሙ 90፣ ፕሮሰሰሩ ግን 40 በመቶ ላይ መሆኑን ያሳያል። እዚህ ላይ ትክክለኛው ግዢ የ500 ጊጋ ባይት ኤንቪኤምኢ፣ አንድ ተጨማሪ 8 ጊጋ ባይት ራም፣ አይፒኤስ ሞኒተርና ዩፒኤስ ነው። ፕሮሰሰሩ አይነካም። ማሽኑ ሲለወጥ ኤንቪኤምኢው፣ ሞኒተሩና ዩፒኤሱ ወደ አዲሱ ይሻገራሉ፤ ራሙ ግን የሚሻገረው አዲሱ ማሽን ዲዲአር4 የሚቀበል ከሆነ ነው። ማሽኑ ዲዲአር3 የሚጠቀም ከሆነ ግን ከኤስኤስዲና ከሞኒተር ሌላ ምንም ሳይገዛለት ገንዘቡ ለአዲስ ማሽን ቢቆጠብ ይሻላል።

10. ግዢ፣ ገጠማና ፍተሻ

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ሻጩ ፊት ተሰክቶ ይሞከራል፤ ዲስክ ከሆነ ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤንነቱ በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ይታያል፤ መመለሻ ጊዜው በደረሰኝ ላይ ይጻፋል። ከገጠማ በፊት ሙሉ ቅጂ ይወሰዳል፣ ገመዱ ከግድግዳ ይነቀላል፣ የሰውነት ኤሌክትሪክ እንዲወጣም የሳጥኑ ብረት ይነካል። አዲስ ራም ከገባ በኋላ በሜምቴስት86 ሌሊቱን ይፈተናል።

ዲስክ ወይም ማሽን ሲለወጥ ፎንቶች እንዳይረሱ ጥንቃቄ ያሻል። ዩኒኮድ የግዕዝ ፊደልን ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊትና ለብዙ ዓመታት ከዚያም በኋላ በአሮጌ የግዕዝ ፎንቶች የተቀናበሩ መጻሕፍት ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደል ትርምስ ሆነው ይከፈታሉ። የፎንት ማኅደሩ ተገልብጦ፣ ከየዓመቱ አንድ የቆየ መጽሐፍ ተከፍቶ በትክክል መነበቡ ሳይረጋገጥ አሮጌው ዲስክ አይጠፋም። የዊንዶውስ ፈቃድ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ማዘርቦርድ ሲለወጥ ፈቃዱም እንደገና ሊጠየቅ ይችላል።

በመጨረሻም በሁለተኛው ደረጃ የተለካው ያው ሥራ እንደገና ይለካል። ፋይሉ ለመከፈትና ፒዲኤፉ ለመውጣት የወሰደው ጊዜ ካጠረ ግዢው ትክክል ነበር፤ ካላጠረ የቀጣዩ ብር ወጪ ከመሆኑ በፊት መዘግየቱ ያለበት ክፍል እንደገና መፈለግ አለበት።